ቋሚ መምህር ይቅር?

ዛሬ ሎስ አንጀለስ፣ ልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ነበር። አንዱ አባት ብድግ ብሎ «መምህራን ቋሚ የሚባሉት ነገር ይቅር! ሰነፉን ማንም አይነካውም» አለ። ግማሹ ሰው አጨበጨበ።

ንዴቱ ይገባኛል። ካሊፎርኒያ ውስጥ መምህር በሁለት ዓመት ቋሚ ይሆናል። ውሳኔውም ሁለተኛው ዓመት ሳያልቅ፣ እስከ ማርች 15 ድረስ ነው የሚነገረው። ምኑ ታይቶ? እ.ኤ.አ. በ2014 ዘጠኝ ተማሪዎች ባቀረቡት ክስ፣ ዳኛው ሕጉን ሽረውት ነበር። የቨርጋራ ክስ የሚባለው ነው። በ2016 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ገለበጠው።

ቢሆንም ቋሚ መሆን ፈጽሞ አለመባረር አይደለም። ሲባረር ምክንያቱ ይነገረው፣ እሱም ይደመጥ ነው ነገሩ። ይሄ ከሌለ እኮ ለልጄ ውጤት ጨምርልኝ ያለውን ባለገንዘብ እምቢ የሚል አስተማሪ አይገኝም። አገር ቤት ሳስተምር አለቃ ያኮረፈበት ሰው ምን እንደሚደርስበት አይቻለሁ፤ ተዉኝ።

ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ለሚቀጠሩት በየዓመቱ የሚታደስ ኮንትራት አድርጋዋለች። በየዓመቱ እንጀራው የሚንጠለጠል ሰው ተረጋግቶ ያስተምራል? እኔ የኒውዮርኩ ይሻለኛል፤ አራት ዓመት ፈትኖ ነው ቋሚ የሚያደርገው።

ለሰውየውም ይህንኑ ነገርኩት። «አንተ የአስተማሪ ወገን ነህ» አለኝ። ነኝ!