ቤልፋስትን በእግር፣ ከሁለት አስጎብኚ ጋር

ባለፈው ግንቦት ከለንደን ቤልፋስት ሄጄ ነበር። ለጓደኞቼ ስናገር ሁሉም "ታይታኒክን ልታዪ ነው?" አሉኝ። መርከቧ እዚያ ስለተሠራች ትልቅ ሙዚየም አላት። እኔ ግን የሄድኩት የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ሰፈሮችን ለሚለየው ግንብ ነው። ለግንቡና፣ ግንቡን ተከትለው እንግዳ ለሚያስጎበኙት ሰዎች።

ነገሩን ለማያውቅ በአጭሩ ልበል። ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ገደማ የቆየ ግጭት ነበር። ባንድ በኩል ከአየርላንድ ጋር እንቀላቀል የሚሉ፣ አብዛኞቹ ካቶሊክ። በሌላ በኩል ከብሪታንያ አንለይም የሚሉ፣ አብዛኞቹ ፕሮቴስታንት። ከ3,500 በላይ ሰው አለቀ፤ ከግማሽ በላዩ መሣሪያ ያልያዘ ሰላማዊ ሰው ነው። እነሱ "ትራብልስ" ይሉታል። እኛ ብንሆን "ክፉ ቀን" እንለው ነበር። በፈረንጆቹ 1998 የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ በዚያው ስምምነት የሁለቱም ወገን የታጠቁ ቡድኖች እስረኞች በሁለት ዓመት ውስጥ ተፈቱ። ዛሬ ከቀድሞ እስረኞች አንዳንዶቹ አስጎብኚ ሆነዋል።

እኔ የያዝኩት ጉብኝት ሁለት አስጎብኚ አለው። የመጀመሪያው ካቶሊክ ሰፈሩን፣ ፎልስ ሮድን ያሳያል። ከዚያ ግንቡ በር ላይ ለሁለተኛው ያስረክባል፣ እሱ ደግሞ ፕሮቴስታንት ሰፈሩን፣ ሻንኪል ሮድን። ሁለቱም ታስረው የነበሩ፣ በተቃራኒ ወገን የተዋጉ ሰዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ዕድሜያቸው ሰባ የሚጠጋ፣ ዝግ ብለው የሚያወሩ ሰው ናቸው። ቦቢ ሳንድስ የተሣለበት ትልቅ ግድግዳ ሥር አቆሙን። ሳንድስ በ1981 እስር ቤት ውስጥ 66 ቀን ምግብ አልበላም ብሎ በ27 ዓመቱ የሞተው ነው፤ የረሃብ አድማው ላይ እያለ የፓርላማ አባል ሆኖ ተመርጧል። ከሱ በኋላ ዘጠኝ ሰዎች ተከትለውት ሞቱ። ሰውዬው ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም። ብቻ ከሥዕሉ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

ከዚያ ቦምቤይ ስትሪት ገባን። ትንሽ መንገድ ናት። በነሐሴ 1969 ተቃጥላለች፤ ያን ቀን አንድ የ15 ዓመት ልጅ ተገድሏል። ቤቶቹ እንደገና ተሠርተዋል፣ ግን ከጓሯቸው ግንቡ አለ። መጀመሪያ ኮንክሪት፣ በላዩ ቆርቆሮ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ሽቦ። ከቤቶቹ ጣሪያ ይበልጣል። የቤቶቹ ጓሮ ራሱ ከላይ እስከ ታች በብረት ሽቦ ተሸፍኗል፣ ከወዲያ ማዶ ድንጋይና ጠርሙስ ሲወረወር ሰው እንዳይመታ። የዶሮ ቤት ዓይነት ሽቦ ነው፣ ወፈር ያለ። ባንዱ ጓሮ ሽቦው ሥር ልብስ ተሰጥቶ ነበር። ሁለት ነጭ የልጅ የትምህርት ቤት ሸሚዝና አንድ ፎጣ። እዚያ ጋ ብዙ ቆምኩ። ቡድኑ ጥሎኝ ሄደ።

ግንቡ ሲጀመር የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ለጊዜው ነው፣ እንደ በርሊኑ አይሆንም ብለው ነበር። የበርሊኑ 28 ዓመት ቆሞ ፈረሰ። ይኼኛው ሃምሳ ዓመት አልፎታል። የሰሜን አየርላንድ መንግሥት በ2013 ሁሉንም ግንቦች በአሥር ዓመት ውስጥ አስወግዳለሁ አለ፤ 2023 መጥቶ ሄደ። ግንቡ አጠገብ የሚኖረው ሰው ሳይተማመን ማን ያፈርሰዋል? ሽቦ ሥር ልብስ የምታሰጣዋ እናት አፍርሱት ብትል፣ ማታ ልጆቿን ይዛ የምታድረው እሷ ናት።

ላናርክ ዌይ የሚባለው በር ጋ ሁለተኛው አስጎብኚ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ተጨባበጡ። ስለ አየሩ ትንሽ አወሩ። የመጀመሪያው እኛን ተሰናብተው ወደ ኋላ ተመለሱ፣ በሩን አላለፉም። በሩ አሁንም ማታ ማታ ይዘጋል። በሚያዝያ 2021 እዚሁ ጋ አውቶቡስ ተቃጥሎ፣ ልጆች ከሁለቱም ወገን በግንቡ ላይ ጠርሙስ ቤንዚን ይወራወሩ ነበር። አብዛኞቹ ስምምነቱ ሲፈረም አልተወለዱም።

ከበሩ ወዲያ ቋንቋው ተለወጠ። እንግሊዝኛው ያው ነው፣ ቃሉ ግን ሌላ። ወዲህ "ጦርነት" የነበረው ወዲያ "ሽብር" ሆነ። የመጀመሪያው አገሩን "የአየርላንድ ሰሜን" ሲሉ፣ ሁለተኛው "አልስተር" ይላሉ። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ እንኳ በብሪታንያ ባንዲራ ቀለም፣ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ተቀብቷል። (ሻንኪል የሚለው ስም ራሱ የአይሪሽ ቋንቋ ነው፣ "አሮጌ ቤተ ክርስቲያን" ማለት።)

ሻንኪል ላይ ያቆሙን ድሮ የዓሣ መሸጫ የነበረበት ቦታ ነው። ጥቅምት 1993፣ ቅዳሜ ቀን፣ ከማዶ የመጡ ሰዎች ቦምብ ይዘው ገቡ። ዒላማቸው ፎቅ ላይ ይሰበሰባሉ የተባሉ ታጣቂዎች ነበሩ፤ ቦምቡ ቀድሞ ፈነዳ። 10 ሰው ሞተ። አንዱ ቦምቡን ካመጡት ነው፤ ሁለቱ ልጆች ናቸው። በሳምንቱ በቀል ተብሎ ሌላ ቦታ፣ አንድ መንደር መጠጥ ቤት ውስጥ 8 ሰው ተገደለ። ሁለተኛው አስጎብኚ ስለ ዓሣ ቤቱ ሃያ ደቂቃ ያህል ነገሩን፣ ስለ በቀሉ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር። የመጀመሪያው ደግሞ ቦምቤይ ስትሪትን ሰፋ አድርገው አውርተው ዓሣ ቤቱን በግማሽ ዓረፍተ ነገር አልፈውት ነበር።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ "ታዲያ ምን ዋጋ አለው፣ ሁለቱም ያዳላሉ" ይላል። እኔ አልስማማም። ሁሉንም እኩል የሚያወራ፣ ማንንም የማያስቀይም አስጎብኚ ብይዝ እነዚህን ሁለት ዝምታዎች አልሰማም ነበር። ሰው የሚዘለውን ለማወቅ የሚዘለውን ሰው ራሱን መስማት አለብህ፣ ያውም በዚያው ቀን፣ በእግርህ እየሄድክ፣ የመጀመሪያው ድምፅ ከጆሮህ ሳይወጣ። ቅር ያለኝ ሌላ ነው። የሚያስጎበኙት የተዋጉት ናቸው። ዓሣ ሊገዛ ወጥቶ ያልተመለሰው ሰው ሚስት አታስጎበኝም።

አንድ ነገር ደግሞ ለሀበሻ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እዚያ ሰው ወገንህን የሚለየው በስምህና በተማርክበት ትምህርት ቤት ነው። "የአባትህ ስም ማነው?" ተብሎ የተጠየቀ ሰው ይገባዋል።

መጨረሻ ላይ በሻንኪል በኩል ወዳለው የግንቡ ፊት ወሰዱን። ከሩቅ አገር የመጡ ጎብኚዎች የጻፉት ነው የሞላው፣ ስም፣ ቀን፣ ልብ፣ "ሰላም" በሁሉም ቋንቋ። ማርከር ሰጡኝ። ስለ ሰላም መጻፍ ክፉ አይደለም፣ የጻፉትንም አልወቅስም። ግን ከዚህ ግንብ ጀርባ ሸሚዞቹ እንዳሉ ሳውቅ እጄ እምቢ አለኝ። ማርከሩን መለስኩ።

ጉብኝቱ ሲያልቅ ሁሉም በሻንኪል በኩል ወደ መሀል ከተማ ወረደ። እኔ በመጣሁበት መመለስ እንደምፈልግ ስነግራቸው ሰውዬው ሰዓታቸውን አይተው፣ በሩ ሳይዘጋ ድረሺ አሉኝ። ደረስኩ። ቦምቤይ ስትሪት ስመለስ ልብሱ ተሰብስቧል፤ ከወጥ ቤቱ የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል። ገመዱ ላይ መቆንጠጫዎቹ ብቻ ቀርተዋል።