የሾናን ቃና እንዴት እንደለየሁ

ሾና በዚምባብዌ የሚነገር የባንቱ ቋንቋ ነው፤ ቃናው፣ ማለትም ትርጉም የሚለየው የድምፅ ከፍታና ዝቅታ፣ ግን አይጻፍም። ይህ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም። እኛም «ገና» ብለን ጽፈን ጠብቆ ይነበብ ላልቶ ለአንባቢው እንተውለታለን። በሾና «ኩቼራ» ውሃ መቅዳትም ነው መቆፈርም፤ የሚለያቸው ቃናው ብቻ ነው።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት ቃላቱን ለብቻቸው በዝርዝር በማስነበቤ ነው። ሰው ዝርዝር ሲያነብ መጨረሻው ላይ ድምፁን ስለሚጥል ከፍተኛው ቀለም (አናባቢ የያዘው የቃሉ ክፍል፣ ሲላብል) ዝቅተኛ መስሎ ይመዘገባል። አሁን ቃሉን ከዓረፍተ ነገር መሀል አስገባለሁ፤ ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ቃላት አልለውጥም። አምስት ጊዜ አስደግሜ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ጥዬ ሦስቱን እለካለሁ።

የምለካው ፕራት (Praat) በሚባል የድምፅ መተንተኛ ፕሮግራም ነው፤ የምፈልገው የድምፅ ከፍታ ክልል፦ ለወንድ ድምፅ ከ75 እስከ 300 ኸርዝ፣ ለሴት ከ100 እስከ 500። ፕሮግራሙ 110ን 220 ብሎ የሚያነብበት ጊዜ አለ፤ መስመሩ ድንገት በእጥፍ ከዘለለ ጆሮዬን አምናለሁ። ቁጥሩን የምወስደው ከአናባቢው መሀል ነው። እንደ «ድዝ» እና «ግ» ያሉ ነዛሪ (ጉሮሮን የሚያነዝሩ) ተነባቢዎች የአናባቢውን መነሻ ወደ ታች ስለሚጎትቱት መነሻው ላይ የለካ ሰው ይሳሳታል። ተናጋሪው ቃሉን አፉን ዘግቶ እንዲያንጎራጉረውም እጠይቃለሁ፤ ተነባቢዎቹ ሲጠፉ ዜማው ይቀራል።

ዋናው ነገር ግን ቅጥያው ነው። «ከ» ከፍተኛ፣ «ዝ» ዝቅተኛ ይሁን። «ሆቬ» (ዓሣ) ከ–ከ ነው፤ «ምቡንዱድዚ» (ተምች) ከ–ከ–ከ። ተምቹ ሦስት ከፍተኛ ቃናዎች የያዘ ይመስላል። «ጋር» የሚል ትርጉም ያለው፣ ራሱም ከፍተኛ የሆነው «ኔ» ከፊቱ ሲገባ ግን «ኔምቡንዱድዚ» ከ–ዝ–ዝ–ዝ ይሆናል። ሦስቱም አብረው ወደቁ! ለየብቻ ሦስት ቢሆኑ ኖሮ የሚወድቀው ከ«ኔ» ጎን ያለው ብቻ ነበር። ቃሉ ያለው አንድ ከፍተኛ ቃና ነው፤ እሱም በሦስቱ ቀለማት ላይ ተዘርግቷል። ሁለት ከፍተኛ ቃናዎች ጎን ለጎን ሲገጥሙ ሁለተኛው የሚወድቅበት ሕግ በቤልጂጋዊው የባንቱ ቋንቋዎች አጥኚ በሜውሰን ስም ይጠራል። «ባድዛ» (ዶማ) ዝ–ከ ስለሆነ «ኔባድዛ» ከ–ዝ–ከ ነው፤ መሀል ላይ ዝቅተኛ ስላለ የሚወድቅ የለም። እነዚህን ጥንዶች ሳይፈትኑ የቃና መዝገብ መጀመር ትርፉ ድካም ነው።

ግስ ላይ ደግሞ አጭር ቃል ያታልላል። ከሾና ዘዬዎች አንዱ በሆነው በካራንጋ «ኩቴንጋ» (መግዛት) ዝ–ከ–ከ፣ «ኩቴንጌሳ» (መሸጥ) ዝ–ከ–ከ–ከ ነው። እዚህ ላይ ያቆመ ሰው ከፍተኛው ቃና እስከ ቃሉ መጨረሻ ይሄዳል ይላል። «ኩቴንጌሴራና» (እርስ በርስ መሻሻጥ) ግን ዝ–ከ–ከ–ከ–ዝ–ዝ ሆኖ ይወጣል፤ ከሥሩ ጀምሮ ሦስተኛው ቀለም ላይ ይቆማል። ስለዚህ ግሱን አምስት ስድስት ቀለም እስኪሞላ በቅጥያ አስረዝማለሁ። ለማነጻጸር «ኩቢካ» (ማብሰል) ይበቃል፤ ሁሉም ቀለሞቹ ዝቅተኛ ናቸው።

የካራንጋን ውጤት ወደ ሌሎቹ የሾና ዘዬዎች፣ ወደ ዜዙሩ ወይም ወደ ማኒካ፣ አልገለብጥም። በማላዊው የባንቱ ቋንቋ በቺቼዋ እንኳ ከፍተኛው ቃና ወደ ቀጣዩ ቀለም መዛመቱ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል። የኮንጎው ቺሉባማ በዘመዶቹ የባንቱ ቋንቋዎች ከፍተኛ የሆነውን ቃና ዝቅተኛ፣ ዝቅተኛውን ከፍተኛ አድርጎ ገልብጦታል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቅጂ ራስጌ ተናጋሪው ያደገበትን ቦታና ዘዬውን ከቃሉ አስቀድሜ እጽፋለሁ።