በጌቲስበርግ እርሻ ላይ ሄሊኮፕተር ያርፍበት የነበረው ሜዳ

በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በፔንሲልቬንያ ወዳለችው ጌቲስበርግ ስንሄድ አብዛኛውን ጊዜ የምንጎበኘው እ.ኤ.አ. በ1863 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ታላቁ ውጊያ የተካሄደበትን የጦር ሜዳ ነው። የፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር እርሻ የሚገኘው ከዚሁ የጦር ሜዳ አጠገብ ሲሆን፣ እኔን እጅግ የሳበኝ ቤቱ ሳይሆን ሄሊኮፕተሮች ያርፉበት የነበረው ሜዳ ነው።

አይዘንሃወርና ባለቤታቸው ሜሚ 76 ሄክታር ያህል ስፋት ያለውን ይህን እርሻ የገዙት እ.ኤ.አ. በ1950 ነበር፤ በትዳር ዘመናቸው ሁሉ የራሳቸው ብለው የያዙት ቤትም ይኸው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ልባቸውን ታመው ያገገሙትም እዚሁ ነበር። ከዋይት ሐውስ እስከ እርሻው ያለው መንገድ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ፣ ለአጭር ቆይታ መመላለሱ አድካሚ ነበር።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 1957 አይዘንሃወር በሥልጣን ላይ እያሉ በሄሊኮፕተር የበረሩ የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኑ። የኑክሌር ጥቃት ቢደርስ መሪውን ከከተማ ለማውጣት በተደረገ ልምምድ ከዋይት ሐውስ ግቢ የተነሡባት ቤል ኤች-13 ጄ ባለ አንድ ሞተር ትንሽ ሄሊኮፕተር ነበረች፤ ከአብራሪው ሌላ የምትይዘውም ጥቂት ሰው ብቻ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በእርሷ ምትክ ሰፋ ያሉት የሲኮርስኪ ኩባንያ ሄሊኮፕተሮች ገቡ። ለጦርነት ሥጋት የታሰበው መጓጓዣ በዚህ መንገድ አንድን አዛውንት ወደ ከብቶቻቸው የሚያደርስ የዘወትር አገልግሎት ሆነ፤ እኔም የዚህ ሜዳ ታሪክ ዋና ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1959 የሶቪየት ኅብረት መሪ ኒኪታ ክሩሽቼቭ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ማረፊያ በሆነው በካምፕ ዴቪድ ስለ በርሊን በሚነጋገሩበት ወቅት፣ አይዘንሃወር በሄሊኮፕተር ወደ እርሻው ወሰዷቸው፤ የአንገስ ዝርያ ከብቶቻቸውን አሳዩአቸው፤ ከልጅ ልጆቻቸውም ጋር አስተዋወቋቸው። ክሩሽቼቭ በዚያ ጉብኝት በሄሊኮፕተሮቹ እጅግ ከመደሰታቸው የተነሣ መንግሥታቸው ቆይቶ ሁለት የሲኮርስኪ ሄሊኮፕተሮችን ከአሜሪካ ገዝቷል። በዓለም ላይ እጅግ የሚፈራሩ የሁለት መንግሥታት መሪዎች ከአንድ ሄሊኮፕተር ወርደው ሣር ላይ አብረው መራመዳቸውን ሳስብ፣ ያ መሬት ከማንኛውም የስብሰባ አዳራሽ ያላነሰ ክብር የሚገባው ሆኖ ይሰማኛል።

አይዘንሃወር እርሻውን እ.ኤ.አ. በ1967 ለመንግሥት አበረከቱ፤ ሜሚ ካረፉ በኋላ በ1980 ለሕዝብ ክፍት ሆነ። ዛሬ ያለ ልዩ ፈቃድ ማንም በዚያ ሊያርፍ አይችልም፤ የብሔራዊ ፓርኮች ደንብ ለዚሁ ከተመደቡ ቦታዎች ውጭ አውሮፕላንም ሆነ ሄሊኮፕተር ማሳረፍን ይከለክላል።

በቴክሳስ የፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን እርሻ ላይ ያለው የአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ አስፋልት ስለሆነ ማንም ጎብኚ ሳይነገረው ያውቀዋል። ሄሊኮፕተር ግን እንዲህ ያለ ነገር አይፈልግም። የሚያስፈልገው ያልተዳፋ ጠንካራ መሬት፣ ሽቅብ የሚበተን ልቅ ነገር የሌለበት ዙሪያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከዛፍና ከኤሌክትሪክ ሽቦ የጸዳ የመግቢያና የመውጫ አቅጣጫ ነው። ስለዚህ የእንዲህ ዓይነቱ ማረፊያ ዋና አካል መሬት ላይ የተሠራ ሳይሆን ከመሬቱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ነው። ሥራ ሲያቆም ማንም አያፈርሰውም፤ ዙሪያውን ጥቂት ዛፎች ሲከቡት ግን አንድም ድንጋይ ሳይነሣ ይጠፋል።

የታሪካዊ ቦታ ጥበቃ ሲነሣ ቶሎ የምናስበው ግድግዳና ጣሪያ ነው። የጌቲስበርግን እርሻ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ሜዳውን በሣርና በግጦሽ መልክ እንዲያቆዩት፣ ለጥላና ለውበት በሚል ዛፍ እንዳይተክሉበት ከልብ እመኛለሁ፤ ቤቱን የሚያስጎበኙትም ጥቂት ደቂቃ ወስደው ሄሊኮፕተሮቹ ከየት አቅጣጫ ዝቅ ብለው ይመጡ እንደነበር ለልጆች በጣታቸው ቢያሳዩ መልካም ነው።