ሃያ ሁለቷን እስክገራት
ጎጃም ገጠር ያደገ ሰው ጠመንጃ ብርቁ አይደለም። አባቴ ቤልጅግ ነበረው። እኛ ልጆቹ መወልወል እንጂ መተኮስ አልተፈቀደልንም። ዳላስ አካባቢ ኑሮዬ ሲደላደል ታዲያ የራሴን ገዝቼ ከሀሁ ልማር አልኩ። ሐበሻ ጓደኞቼ ትልልቁን ጠቆሙኝ። እኔ ትንሿን መረጥኩ፤ ሄንሪ ሌቨር አክሽን፣ ባለ ሃያ ሁለት ካሊበር (ካሊበር የጥይቱ ውፍረት ነው)።

ለምን? ጥይቷ ርካሽ ነው፣ ትከሻ አትመታም፣ ከአፈሙዙ ሥር ያለው ቱቦዋ 15 ጥይት ይይዛል። ሌቨሩን፣ ማለትም ከምላጩ ሥር ያለውን እጀታ፣ ወደ ታች ስትገፋው ባዶው ቀለህ ተፈናጥሮ ይወጣል፣ ስትመልሰው ሌላው ይጎርሳል። አሠራሩ የቆየ ነው። ቤንጃሚን ታይለር ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1860 ፓተንት ያወጣበት ጠመንጃም እንደዚህችው ሪምፋየር፣ ማለትም መቺው የቀለሁን ጠርዝ የሚመታበት ዓይነት፣ ነበር። የዛሬው ፋብሪካ ግን ስሙን ወሰደ እንጂ የዚያ ወራሽ አይደለም፤ የመጀመሪያ ምርቱን ያወጣው በ1997 ብሩክሊን ውስጥ ነው።

ግዢው ላይ ወገኖቼ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ሱቁ ፎርም 4473 የሚባል ያስሞላችኋል፣ ከዚያ በኤፍቢአይ በኩል ታሪካችሁ ይጣራል። ጥያቄዎቹን ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይፈቀድለትም። ማሪዋና የሚጠቀምም እንዲሁ፣ የሚኖርበት ስቴት ቢፈቅድለትም ፌዴራል ሕጉ አይፈቅድለትም።

መግዛቴን የሰማ አንድ ልጅ ደወለልኝና «ወንድሜ፣ ለእኔም አንድ በስምህ አውጣልኝ፣ ብሩን እሰጥሃለሁ» አለኝ። እኛ ዘንድ ለሰው በስም መግዛት ደግነት ነው፤ ስልክ እንገዛለን፣ መኪና እናወጣለን፣ ማንም ክፉ አላሰበም። ጠመንጃ ላይ ግን የፎርሙ አንዱ ጥያቄ «እውነተኛው ገዢ አንተ ነህ?» የሚል ነው። ለራሱ መግዛት ለማይፈቀድለት ሰው ገንዘቡን ተቀብሎ ገዝቶ መስጠት ከ2022 ወዲህ እስከ 15 ዓመት የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀል ነው። ዜግነት ላላገኘ ሰው ደግሞ ጣጣው ከእስሩም ያልፋል። አስረዳሁት፣ ልጁም ተረዳኝ። እባካችሁ ማንም ይሉኝታ ይዞት እሺ እንዳይል።

ወደ ጠመንጃዋ ልመለስ። ከካርቶን ስትወጣ የፋብሪካ ቅባት አላት፣ ሌቨሯም ጠጠር ይላል። መጀመሪያ ጠርጌ በስሱ ዘይት ቀባኋት። አፈሙዙን የምጠርገው በብረት ዘንግ ሳይሆን በገመድ ነው፣ ከጥይት መጉረሻው አስገብቶ በፊት በኩል መሳብ። ዘንግ በፊት በኩል ከገባ የአፈሙዙን ጫፍ ይበላዋል፣ ጥይቱ የሚሰናበተው ደግሞ እዚያ ጫፍ ላይ ነው። ከዚያ ብሎኖቹን አጠበቅኩ፣ ሳላስጨንቅ።

ሌቨሯን ለማለስለስ ቤት ውስጥ ደጋግሞ መክፈትና መዝጋት ጥሩ ነው። ባዶዋን ምላጭ መሳብ ግን አልወድም። ሪምፋየር ላይ መቺው የሚያርፈው በቀለህ ጠርዝ ላይ ነው፤ ቀለህ ከሌለ ብረት ከብረት ሊጋጭ ይችላል። ለዚህ ግድግዳ ላይ ብሎን ለማሰር የሚገባውን ቢጫ ፕላስቲክ፣ ቁጥር 4ቱን፣ በጥይት ቦታ አስገባለሁ። ኮንስትራክሽን የሚሠራ ሐበሻ ሁሉ ኪሱ ውስጥ አያጣውም።

ትልቁ ሥራ ግን ጥይት መምረጥ ነው። ሃያ ሁለት መራጭ ናት። ከአንድ ፋብሪካ፣ በተመሳሳይ ቀን የወጡ ሁለት ጠመንጃዎች እንኳ የሚስማማቸው ጥይት ሊለያይ ይችላል። የተለያየ ዓይነት ገዝቼ ሜዳ ወጣሁ፣ ክንዴን ከረጢት ላይ አሳርፌ በ50 ያርድ አምስት አምስት ተኮስኩ። ርካሹ የጅምላ ጥይት ወረቀቱን መዳፍ በሚያህል ስፋት በተነው። ፈጣኑ ሻል አለ። ከድምፅ ፍጥነት በታች የሚሄደው፣ ስታንዳርድ ቬሎሲቲ የሚሉት ባለ 40 ግሬን (ግሬን የእርሳሱ ክብደት መለኪያ ነው)፣ ቀዳዳዎቹን ኳርተር ሳንቲም ሊሸፍናቸው እስኪደርስ ሰበሰባቸው። ደስታዬን አልደብቅም፣ ጮኼያለሁ!

ማነጣጠሪያውን የነካሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጥይቱ ሳይሰበሰብ ማነጣጠሪያ ማንቀሳቀስ ትርፉ ድካም ነው። ሕጉ ቀላል ነው፤ የኋላውን ማነጣጠሪያ ጥይቱ እንዲሄድ ወደምትፈልግበት አቅጣጫ ትወስደዋለህ። የእኔ ወደ ግራ ይመታ ነበር፣ በናስ መምቻ ቀስ እያልኩ ወደ ቀኝ ገፋሁት፣ ፀጉር በምታህል እርምጃ፣ እየተኮስኩ እያየሁ። ከፍታውን ባለ ደረጃው ማንሻ ያስተካክለዋል።

ምላጩ ትንሽ ይከብዳል። ዩቲዩብ አይቶ ውስጡን በሞረድ የሚያሻሽል ሰው አለ፤ እኔ አልደግፈውም። መምቻውን መዶሻ ይዞ የሚያቆየው ጥርስ ትንሽ አብዝቶ ከተሞረደ ጠመንጃዋ ሳትታሰብ ትባርቃለች። ያ የባለሙያ ሥራ ነው።

ቤት ልጆች ስላሉ ሳጥኗ ቁልፍ አለው፣ ጥይቱም ለብቻው ይቆለፋል። ቴክሳስ ውስጥ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ የጎረሰ ጠመንጃ እንዲያገኝ መተው በራሱ ያስከስሳል። ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ መተኮስ ደግሞ አገር ቤት ይቅር፤ ይህች ትንሽ ጥይት እንኳ እስከ 1 ማይል ተኩል አደገኛ መሆኗ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል።

አሁን የቀረኝ የኋላውን ማነጣጠሪያ አውጥቼ ክብ ቀዳዳ ያለውን ፒፕ ሳይት መግጠም ነው። አርባን ላለፈ ዓይን ያ ይሻላል ይላሉ፣ ሜዳ ላይ የአንድ ሽማግሌ ጠመንጃ ላይ ሞክሬው እውነትም ኢላማው ጠርቶ ታየኝ።