የወጣችው ሮንዴላ ዋጋ

ኮሮላዋ መጀመሪያ የመጣችው ግንቦት ላይ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ የመኪና ማቀዝቀዣ (ኤሲ) ለሚሠራ ሰው ግንቦት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ግቢው በመኪና ይሞላል። ሁሉም የሚለው አንድ ነው። «ጋዝ ሙላልኝ።»

የኮሮላዋ ባለቤትም ይህንኑ አሉኝ። ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። መኪናዋ በፈረንጅ 1996 የተሠራች ናት፤ እሳቸው ግን እንደ ልጅ ስለያዟት ቀለሟ እንኳ አልደበዘዘም።

«ዘንድሮ ብቻ ሦስት ጊዜ ጋዝ አስሞልቻለሁ» አሉኝ። «ጠዋት ጠዋት በረዶ ናት። የደንገጎን ዳገት ስወጣ ትለግማለች።»

ጆሮዬ የቆመው «ሦስት ጊዜ» የምትለዋ ላይ ነው። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። ከጎደለ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። ስለዚህ ሐሳቤ ሁሉ ማፍሰሻውን ፍለጋ ሄደ። «ትለግማለች» የምትለዋን ቃል ግን ዝም ብዬ አሳለፍኳት።

ጌጁን ሰካሁ። ጋዙ አልጎደለም። እንዲያውም ከልክ በላይ ሞልቷል። ጌጁ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው፣ በከፍተኛው ግፊት በኩል 320 ፒኤስአይ ያሳያል። በዚያ ቀን ሙቀት 250 አካባቢ ቢሆን ይበቃኝ ነበር። ከእኔ በፊት የሞላው ሰው ጌጅ አልሰካም። ቱቦውን በእጁ ዳሶ «ቀዝቅዟል» ብሎ ነው የሸኛቸው። በዳሰሳ የሚሞላው ማን እንደሆነ ሰፈሩ ስለሚያውቀው ስም አልጠራም። ያ ሰው በሦስተኛው ጊዜ «ኮምፕረሰሩ ሞቷል፣ ሌላ ይግዙ» ብሏቸው ነበር። ኮምፕረሰሩ ግን እኔ እጅ ላይ ጋዙን እንደ አዲስ ይገፋል።

ጋዙን በማሽን ሰበሰብኩት። አየር ላይ ለቆ መገላገል ይቀላል፤ ብዙ ሰው የሚያደርገውም እሱን ነው። እኔ አልወደውም። በድሮዎቹ መኪኖች የነበረው አር 12 የሚባል ጋዝ ኦዞንን እየበላ ስላስቸገረ፣ በፈረንጅ 1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ቀስ በቀስ ከገበያ አስወጣው። በሱ ቦታ የገባው አር 134 ኤ ኦዞንን አይነካም። ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲነጻጸር ግን ከ1,000 እጥፍ በላይ አየርን ያሞቃል። እንደ እኛ በሙቀት የሚለበለብ ከተማ ውስጥ እየኖሩ እሱን መልቀቅ ደስ አይለኝም።

ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቫኪዩም አደረግኩ፤ ማለትም ውስጡን በፓምፕ መጥጬ ባዶ አደረግኩት። መርፌው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የሚያፈስ ነገር የለም። ኮፈኖው ስር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውን ልክ በሚዛን መዝኜ ሞላሁ። ከአየር መውጫው 7 ዲግሪ መጣ። ጋሼ ደስ ብሏቸው፣ ከፍለውና መርቀውኝ ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ተመለሱ።

«እንደዚያው ናት።»

ጌጁን ሰካሁ። ሁሉም ልክ ነው። ሞተሩን አስነስቼ ጥላ ስር ግማሽ ሰዓት አቆየኋት። ይቀዘቅዛል። «ጋሼ፣ ደህና ናት» አልኳቸው።

ተቆጡ። ድምፃቸውን ግን ከፍ አላደረጉም። «ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የጠገንኩት ባቡር ነው። ማሽን ዴፖ ውስጥ ቆሞ ሁልጊዜ ጤነኛ ነው። በሽታው ያለው መንገድ ላይ ነው። እኔን ታምናለህ ወይስ ያንን መርፌ?»

መርፌውን አምኜ ነበር። ይህን አልሸሽገውም። መርፌው ያየውን ነው የሚናገረው፤ ያየው ግን ጥላ ስር የቆመች መኪና ነው።

በማግስቱ ቀትር ላይ ግቢውን ለረዳቴ ትቼ አብሬያቸው ወጣሁ። የሐረርን መንገድ የሚያውቅ ሰው ደንገጎን አይረሳውም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከከተማው ሳትርቅ መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ከፊታችን ጭነት የሞላ መኪና ነበር፤ ማለፍ አልቻልንም። በሁለተኛ ማርሽ እየጮኸች ትወጣለች። ፍጥነት የለም፣ ስለዚህ ነፋስ የለም። የሞተሩ ሙቀት እዚያው ኮፈኖው ስር ታፍኗል።

መንገዱን አጋምሰን የሚነፍሰው አየር ለብ አለ። ከዚያ ሞቀ። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ይኸውልህ» አሉ። ዳር ያዙና አቆሙ፤ ሞተሩን አላጠፉም።

ኮፈኖውን ከፈትኩ። ቺንጊያው ይሽከረከራል። ፑሊው ይሽከረከራል። ከፊት ያለችው የኮምፕረሰሩ ክላች ሳህን ግን ቆማለች። ቴስተሩን የክላቹ ሽቦ ላይ ሳደርገው 13.6 ቮልት አሳየኝ። ኤሌክትሪኩ እየደረሰ ነው። እንግዲህ ፊውዙ፣ ሪሌው፣ የግፊት ስዊቹ፣ ሁሉም ንጹሕ ናቸው። ሞተሩን አስጠፋሁና ከባትሪው ቀጥታ ሽቦ ሰጠሁት። ዝም። ሽቦውን ሳላነሳ ሳህኗን በካቻቢቴ ጫፍ በስሱ ገፋ አደረግኳት።

«ጠቅ!»

ያዘች። ሽቦውን አንስቼ መልሼ ሰጠሁት። ዝም። ገፋኋት። «ጠቅ!» እዚያ አስፋልት ዳር፣ ላብ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በሽታው እጅ ከፍንጅ ሲያዝ የሚሰማህን ደስታ በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሁሉ ያውቀዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክላቹ ውስጥ ቦቢና፣ ማለትም የተጠቀለለ ሽቦ፣ አለ። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት ይሆንና ሳህኗን ስቦ ከፑሊው ጋር ያጣብቃታል፤ ያኔ ኮምፕረሰሩ ይዞራል። በሳህኗና በፑሊው መካከል ጠባብ ክፍተት አለች። በዚህ መኪና ልኳ ከ0.35 እስከ 0.65 ሚሊሜትር ነው። ሳህኗ ከ25 ዓመት በላይ እየተፋተገች ስትበላ ክፍተቷ ሰፋች። የቦቢናው ሽቦ ደግሞ መዳብ ነው። መዳብ ሲግል ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ይቀንሳል። ኤሌክትሪኩን የሚያግደው የቦቢናው ሬዚስታንስ ጠዋት 3.6 ኦም ነበር፤ ደንገጎ ላይ 4.6 ደርሷል። የሚያልፈው ኤሌክትሪክ አነሰ፣ ማግኔቱም ደከመ። ጠዋት ሰፊውን ክፍተት እንደምንም ይሻገራል። ሲግል አቅም ያጣል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይመለሳል። ጋሼ «ትለግማለች» ሲሉ ልክ ነበሩ። የደከመች በቅሎ ዳገት ላይ እንደምትለግመው ማለት ነው። ሕመሙን በአንድ ቃል ነግረውኝ ነበር፤ መድኃኒቱን ግን ተሳስተዋል። «ጋዝ ሙላልኝ» ያሉትም እሳቸው ናቸው።

ጋራዥ ተመልሰን እስክትቀዘቅዝ ጠበቅኩ። ክፍተቱን ስለካው 1 ሚሊሜትር ሆኖ አገኘሁት። መሃል ያለውን ብሎን ፈትቼ ሳህኗን አወጣሁ። ከኋላዋ እንደ ወረቀት የቀጠኑ የብረት ቀለበቶች፣ ሮንዴላዎች፣ አሉ። ግማሽ ሚሊሜትር የምትወፍረውን አንዷን አውጥቼ መልሼ ገጠምኩ። ክፍተቱ 0.5 ሆነ። በቃ። እጄ የሠራው ከ20 ደቂቃ አይበልጥም።

በማግስቱ ቀትር ላይ እንደገና ወጣን። ደንገጎን እንደ በረዶ ሆና ወጣችው። ሐሮማያ ስንደርስ ጋሼ ኤሲውን አጠፉና መስኮት ከፈቱ፤ እዚያ ውጪውም ይቀዘቅዛል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

«ስንት ነው?» አሉኝ ግቢ ስንገባ።

«1,500 ብር።»

«ምን ገዛህ?»

«ምንም አልገዛሁም።»

«ታዲያ ምን ጨመርክላት?»

«አልጨመርኩም ጋሼ። ይህችን አወጣሁ።» ሮንዴላዋን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኳት። አገላብጠው አዩዋት። ወደ ብርሃን አነሷት። ከጥፍር የማትከብድ ነገር ናት።

«ከገዛ መኪናዬ ብረት አውጥተህ 1,500 ብር?»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልቀለዱም።

«ሲጨምሩ ይከፈላል፤ አምናለሁ» አሉ። «ሲያወጡ ግን ምኑ ነው የሚከፈለው?»

አፌ ደረቀ። ሁለት ቀን ሙሉ ሁለት ጊዜ ደንገጎ ወጥቻለሁ። በነዚያ ቀናት ረዳቴ ብቻውን ሆኖ አራት ደንበኛ መልሷል። እኚህ ሰው ለማይጠቅም ጋዝ ሦስት ጊዜ ያለ ጥያቄ ከፍለዋል። «ኮምፕረሰር ይገዛ» ብላቸው ኖሮ ከዘመድ ተበድረውም ቢሆን ያመጡ ነበር። ያንን ሁሉ ወጪ ያዳንኩላቸው እኔ ነኝ። ይህ ሁሉ በጭንቅላቴ ውስጥ አለፈ፤ አንዱም ከአፌ አልወጣም። ይበልጥ የከፋኝ ደግሞ ሌላ ነው፤ ሙያ የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ባልገረመኝ ነበር። እሳቸው ግን በብረት መካከል ያረጁ ሰው ናቸው። የላላን ብሎን ለማጥበቅ የትኛው እንደላላ ማወቅ ስንት እንደሚያስከፍል ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

ጡረታቸው ስንት እንደሆነም እገምታለሁ። እሱም አፌን ያዘው።

«የመሰለዎትን ይስጡኝ» አልኩ።

ያችን ነው ዛሬም የምጸጸትባት። 500 ብር ሰጡኝ። ተቀበልኩ። ከዚያ ሮንዴላዋን እያሳዩ «ይህች የእኔ ናት አይደል?» አሉኝና በወረቀት ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ከተቷት።

መልሱ የመጣልኝ ሌሊት ነው። ጥርስ የሚነቅል ሐኪምም የሚከፈለው አውጥቶ ነው! ምን ያደርጋል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ለማን ልበለው?

በሳምንቱ በር ላይ ሰሌዳ አቆምኩ። «ምርመራ ለብቻው ይከፈላል» ይላል። የተወሰኑ ደንበኞች አንብበው ዞረው ሄዱ። ምርመራ በነፃ፣ ጋዝ በገንዘብ ወደሚሰጥበት ሄዱ ማለት ነው። ይህ ያበሳጨኛል። ምርመራውን በነፃ የሚሰጥ ሰው ገንዘቡን ከጋዙ ማግኘት አለበት፤ ስለዚህ መኪናው ቢያስፈልገውም ባያስፈልገውም ጋዝ ይሞላል። እኔ ሰሌዳውን አላነሳሁትም።

ሁለት ወር ያህል አልፎ አንድ ሽማግሌ በአሮጌ ሃይሉክስ መጡ። የጋሼ ጓደኛ ናቸው። ሰሌዳውን አነበቡና ሳይከራከሩ የምርመራውን ከፈሉኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡና ፈቱት። ያችው ሮንዴላ ናት። ለናሙና አበድረዋቸው ነው።

«እንደዚህች ያለችውን ከእኔም አውጣልኝ» አሉኝ።

«መጀመሪያ ልየው አባባ።»

ጌጁን ሰካሁ። ግፊቱ ወርዷል። ጋዙ የሚቀዘቅዝበት ኮንደንሰር ታችኛው ጥግ ላይ ዘይት የነካው አቧራ ተጋግሯል። «ጋዝ ነው የጎደለው» አልኳቸው። «እዚህ ጋ ያፈሳል። እሱ ካልተደፈነ ብሞላውም አይቆይም።»

«አቦ ተወኝ ልጄ!» አሉ። «ጋዝ ጋዝ የሚሉህን አትስማ ብሎኛል። ያንተ ሙያ ቀለበት ማውጣት ነው።»

ክፍተቱን ለካሁላቸው። 0.45 ነው፤ ምንም አይልም። አላመኑኝም። የሳሙና ውሃ በጥብጬ ኮንደንሰሩን ቀባሁትና ወንበር አምጥቼ ፊት ለፊቱ አስቀመጥኳቸው። ትንሽ ቆይቶ አረፋው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ መነሳት ጀመረ። ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ሮንዴላዋ አሁንም መዳፋቸው ውስጥ ናት።

«እሺ፣ አሁን ገባኝ፤ ድፈነው» አሉ። «ቀለበቷንስ አብረህ አታወጣትም?»