ጌጁ −0.8 ላይ ሲቆም፦ ባሕር ዳር ላይ የሠራሁት የፋይበርግላስ ሳህን

ሐሳቤ ለ10 በ10 በ10 ሴንቲ ሜትር ኩብሳት (ትንሽ ሳተላይት) የሙከራ ግድግዳ መሥራት ነበር። የካርቦን ክር በቦሮሲሊኬት (ሙቀት በሚችል) መስታወት ውስጥ የሚቀበርበት ውህድ ሙቀት ሲለዋወጥ እምብዛም አይለጠጥም፤ ግን ከ1,000 ዲግሪ በላይ የሚግል መጭመቂያ ይፈልጋል። ስለዚህ የመስታወት ክር በኢፖክሲ ሙጫ አደረግሁት።

ለ30 በ30 ሴንቲ ሜትር ሳህን በካሬ ሜትር 200 ግራም የሆነ ጨርቅ 8 ድርብ፣ 144 ግራም መጣ። ኢፖክሲ 115 ግራም፣ ሃርድነር (ሙጫውን የሚያረጋው) 35 ግራም ያህል፤ የእኔው በክብደት 100 ለ30 ነው፣ እናንተ ቆርቆሮው ላይ ያለውን እዩ። ሰፊ ሳህን ላይ በጥብጡት፤ ኩባያ ውስጥ ከቆየ ራሱን አግሎ ይጨሳል። ቅርጽ ማውጫው 6 ሚሊ የመስኮት መስታወት ነው፣ አራት ጊዜ ሰም የተቀባ።

ሙጫ የጠጣው ጨርቅ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ከውስጡ አየር ይሳባል፤ የሚስበው የፍሪጅ ኮምፕሬሰር ነው። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) −0.8 ባር ላይ ቢቆምብኝ ፕላስቲኩን ሦስት ጊዜ ፈትቼ አሸግሁት። ቀዳዳ አልነበረውም። ከተማችን 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ራሱ 0.82 ባር ገደማ ነው። መመሪያዎች የሚሉት −0.95 ለእውነተኛው ባሕር ዳር እንጂ ለእኛዋ አይሆንም። ቀዳዳ መኖሩን ለማወቅ ቧንቧውን ዘግታችሁ ጌጁ 10 ደቂቃ ይቆም እንደሆነ ተመልከቱ።

የመጀመሪያው ሳህን የተበላሸው ሙጫው ሳይረጋ መብራት ሄዶ አየር በኮምፕሬሰሩ በኩል ስለተመለሰ ነው። ውኃ ውስጥ ስመዝነው እፍጋቱ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1.66 ግራም ሆነ፤ ባዶ ቀዳዳ ባይኖረው መሆን የነበረበት 1.785 ነው፣ ማለትም 7 በመቶው ባዶ ቀዳዳ። ለሁለተኛው አየር ወደ ኋላ የማያስመልስ ቫልቭና ባዶ ጋን መሐል ላይ ገጠምኩ፤ 1.74 ወጣ። ከእሱ 2.00 ግራም ቆርጬ በ565 ዲግሪ ሳቃጥለው ሙጫው ተቃጥሎ 1.30 ግራም መስታወት ቀረ፣ ማለትም በክብደት 65 በመቶ። ውፍረቱ 1.4 ሚሊ ነው።

ክረምት ላይ ሌላ ጣጣ አለ። የሐይቁ እርጥበት ከሃርድነሩ ጋር ሲገናኝ ላዩ ላይ የሚያሙለጨልጭ ቅባት ይተዋል፣ ቀጣዩ ድርብ አይያዝም። በለብታ ውኃ አጥቦ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ነው።

አንድ ቀን ካደረ በኋላ ከመስታወቱ ሳላላቅቅ በ60 ዲግሪ 2 ሰዓት፣ በ80 ዲግሪ 4 ሰዓት አበሰልኩት። ወደ ጠፈር ለሚላክ ነገር ግን ይህ አይበቃም፤ በቫኪዩም (አየር በሌለበት) በ125 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ቆይቶ ክብደቱ ከ1 በመቶ በታች መቀነስ አለበት። የእኔው ያልተፈተነ ሞዴል ነው።

የተቆረጠውን ጠርዝ ወዲያው ሙጫ ቀቡት። ውኃ ክሩን ተከትሎ ይሰርጋል፤ የደንገል ታንኳ ከሐይቁ እየወጣ ፀሐይ ላይ የሚቆመውም ለዚሁ ነው።