ነጻ ስካን፣ የተከፈለበት ጥገና፦ የሐሰት ኮምፒውተር ማጽጃን ማወቅና ከነሥሩ መንቀል

ገና ፎርማት የተደረገ፣ ከዊንዶውስ በቀር ምንም ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ከእነዚህ «ማጽጃ» ነን ባዮች አንዱ ቢጫን፣ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ በመቶ የሚቆጠር ስህተት አገኘሁ ይላል። ቁጥሩ ቀይ ነው፣ ከሥሩም «አሁኑኑ አስተካክል» የሚል ትልቅ አረንጓዴ በተን አለ። በተኑ ሲነካ ግን ማስተካከሉ ቀርቶ የክፍያ ገጽ ይከፈታል። የእነዚህ ፕሮግራሞች ሥራ ሁሉ በዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ አለ፦ ምርመራው በነጻ፣ መድኃኒቱ በገንዘብ፣ በሽታው ደግሞ ሁልጊዜ የሚገኝ።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል? ባብዛኛው ከባዶ የተፈጠረ አይደለም፣ የማይቆጠረው ተቆጥሮ ነው። ድረ ገጾች እናንተን ለማስታወስ ብራውዘሩ ውስጥ የሚያስቀምጧት ትንሽ መረጃ፣ ኩኪ፣ እያንዳንዷ «የግላዊነት ስጋት» ተብላ ትመዘገባለች፤ ብራውዘር ተከፍቶ ትንሽ ከተሠራበት ደግሞ ኩኪ አይጠፋም። ዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ቶሎ ለመክፈት ራሱ የሚያዘጋጃቸው የፕሪፌች ፋይሎች «ቆሻሻ» ይባላሉ፤ ማጥፋታቸው ትርፉ ቀጣዩን አከፋፈት ማዘግየት ነው። ትልቁ የቁጥር ምንጭ ግን ሬጂስትሪ ነው። ሬጂስትሪ ዊንዶውስና ፕሮግራሞች ሴቲንጋቸውን የሚያስቀምጡበት ቋት ሲሆን፣ የመዝገቡ ብዛት በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። ከተነቀለ ፕሮግራም የቀረ አንድ መዝገብ ጥቂት ባይት ብቻ ስለሚይዝ 500 ያህሉ ቢሰረዙ ኮምፒውተሩ ልዩነቱን አያውቀውም። በስህተት የተሰረዘ አንድ መዝገብ ግን ፕሮግራም እንዳይከፈት፣ አንዳንዴም ዊንዶውስ ጭራሽ እንዳይነሳ ያደርጋል። ማይክሮሶፍት ራሱ የሬጂስትሪ ማጽጃ መጠቀምን እንደማይደግፍ በግልጽ አስታውቋል። ስለዚህ ሬጂስትሪ በማጽዳት ፍጥነት እጨምራለሁ የሚል ፕሮግራም፣ ሐሰተኛ ባይሆን እንኳ አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ነገሩ የጥቂት ወሮበሎች ሥራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሪስቶሮና ሪኢሜጅ የተባሉት ኩባንያዎች፣ ሰዎችን ኮምፒውተራችሁ ችግር አለበት ብለው በማስፈራራት የጥገና አገልግሎት ሸጠዋል በሚል የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ያቀረበባቸውን ክስ ለመዝጋት 26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። ሕጋዊ ኩባንያ፣ የሚያምር ድረ ገጽ፣ በፕሮግራሙ ላይ ያለ ዲጂታል ፊርማ (አሳታሚው ማን እንደሆነ የሚያሳይ ማኅተም)፣ እነዚህ ሁሉ ስለ ሐቀኝነት ምንም አይናገሩም። ፊርማ ከሌለው መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ስላለው ብቻ ማመን ግን አይገባም።

ከመንቀላችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ፦ ማስጠንቀቂያው የሚመጣው ከተጫነ ፕሮግራም ነው ወይስ ከብራውዘር? ብዙ ሰው ጊዜውን የሚያቃጥለው እዚህ ጋ ነው።

ድረ ገጽ የኮምፒውተራችሁን ፋይሎች መመርመር አይችልም፣ ብራውዘሩ አይፈቅድለትም። ድረ ገጽ ላይ የሚሄድ የስካን መስመር ተንቀሳቃሽ ሥዕል ብቻ ነው። መስኮቱ ላይ ያለችው የኤክስ ምልክት ራሷ የሥዕሉ አካል ልትሆን ስለምትችል አትንኳት። ገጹ ስክሪኑን ሞልቶ አልወጣ ካለ ኢስኬፕን ጫን ብላችሁ ያዙ ወይም ኤፍ 11ን ተጫኑ። ካልሆነ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞችን የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ክፈቱና ብራውዘሩን ከዚያ ዝጉት። መልሳችሁ ስትከፍቱ «የነበሩትን ገጾች ልመልስ?» ብሎ ከጠየቀ እሺ አትበሉ፣ ያው ገጽ ተመልሶ ይመጣል። ስልክ ቁጥር የያዘ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ማጭበርበሪያ ነው። እውነተኛ የማይክሮሶፍት የስህተት መልእክት ስልክ ደውሉ አይልም።

ከስክሪኑ ቀኝ ታችኛ ጥግ ብቅ እያለ «5 ቫይረስ ተገኝቷል» የሚለው ደግሞ ባብዛኛው የድረ ገጽ ኖቲፊኬሽን ነው። ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከትልቁ ጽሑፍ አጠገብ በደቃቅ ፊደል የብራውዘሩ ስምና የአንድ የማታውቁት ድረ ገጽ አድራሻ ተጽፎ ታገኛላችሁ። አንድ ቀን «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ ፍቀድ የሚለውን ይጫኑ» ሲባል ተጭናችሁለት ነው። የተጫነ ፕሮግራም ስለሌለ አንቲቫይረስ ቢያስሱበት ምንም አያገኝም። ክሮም ላይ ሴቲንግ፣ ቀጥሎ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ቀጥሎ ሳይት ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኖቲፊኬሽንስ ግቡና የማታውቁትን አድራሻ ሁሉ አስወግዱ። አለቀ።

የተጫነ ፕሮግራም ከሆነ ሥራው ይረዝማል። መጀመሪያ ኢንተርኔቱን አቋርጡ፤ አንዳንዱ እየተነቀለ ሳለ ወንድሙን ያወርዳል። ቀጥሎ ሴቲንግ ውስጥ አፕስ፣ ከዚያ ኢንስቶልድ አፕስ ግቡና ዝርዝሩን በተጫነበት ቀን ደርድሩት። ማጽጃው በገባበት ዕለት የገቡትን ሌሎችንም እዩ፣ ብቻውን አይመጣምና። ቪዲዮ ማጫወቻ ወይም ፒዲኤፍ መቀየሪያ ስትጭኑ ተደርበው የገቡ ይሆናሉ።

አንኢንስቶል ስትሉት የሚመጣውን መስኮት በጥሞና አንብቡ። ትልቁና ደማቁ በተን «ይቆይልኝ» ወይም «በቅናሽ ግዛ» የሚል ሲሆን፣ ትክክለኛው «ቀጥል፣ አስወግድ» ከሥር በግራጫ ደቃቅ ፊደል ተደብቋል። አንዳንዱ ደግሞ ጥያቄውን ገልብጦ «ማስወገዱን ልሰርዝ?» ይላል፤ እዚህ ላይ እሺ ካላችሁ ፕሮግራሙ ባለበት ቀረ ማለት ነው።

ፕሮግራሙ «በሥራ ላይ ነኝ» ብሎ ካስቸገረ ታስክ ማናጀር ውስጥ ስሙን አግኝታችሁ ራይት ክሊክ አድርጉና መጀመሪያ ኦፕን ፋይል ሎኬሽን በሉ። ፎልደሩ የት እንዳለ ከያዛችሁ በኋላ ኤንድ ታስክ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት፣ ከዘጋችሁት በኋላ ቦታውን መፈለግ አድካሚ ነው። ዘግታችሁት ወዲያው ተመልሶ ከተነሳ ሁለት ሆነው አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰው ነው። ያኔ ሴፍ ሞድ፣ ማለትም ዊንዶውስ የግድ በሚያስፈልጉት ነገሮች ብቻ የሚነሳበት ሁኔታ፣ ያስፈልጋል፦ ሺፍትን እንደያዛችሁ ሪስታርት በሉ፣ ከዚያ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት፤ ዝርዝሩ ሲመጣ 4ን ተጫኑ። ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ መንገድ ላይ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ስለሚችል ከመጀመራችሁ በፊት ቁልፉን በእጃችሁ አድርጉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ብዙዎች የሚዘነጉት ክፍል ነው፤ «ነቅዬው ተመልሶ መጣ» የሚባለውም ከዚህ የተነሳ ነው። ታስክ ስኬጁለርን ክፈቱ። የሐሰት ማጽጃ ራሱን ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥር ወይም በየሰዓቱ እንዲነሳ እዚያ ቀጠሮ ያስይዛል፣ ስሙንም «አፕዴተር» የመሰለ ተራ ስም ይሰጠዋል። ስሙን ትታችሁ አክሽንስ የሚለውን ታብ እዩ፤ የሚያስነሳው ፋይል የሚገኝበት ቦታ እዚያ ተጽፏል። ቅድም ያገኛችሁትን ፎልደር የሚጠቁም ከሆነ መጀመሪያ ዲሴብል አድርጉት፣ ሪስታርት አድርጋችሁ ምንም ካልተበላሸ ሰርዙት። የማታውቁትን ሁሉ አትሰርዙ፣ ዊንዶውስ ራሱ እዚያ ብዙ ቀጠሮ አለው። ታስክ ማናጀር ውስጥ ያለውን ስታርትአፕንም እንዲሁ ፈትሹ።

ብራውዘሩ ላይ ያልጫናችሁትን ኤክስቴንሽን (ብራውዘሩ ላይ የሚታከል ትንሽ ፕሮግራም) አውጡ፣ የተቀየረ የመፈለጊያ ሞተር ካለ መልሱ። የግል ኮምፒውተራችሁ ላይ ብራውዘሩ «በድርጅትዎ የሚተዳደር» የሚል ከሆነ አንድ ፕሮግራም ፖሊሲ፣ ማለትም ሴቲንጉን የሚቆልፍ ትእዛዝ፣ አስገብቶበት ሊሆን ይችላል።

ሁሉን ነቅላችሁ ኢንተርኔት እምቢ ካለ አትደንግጡ። ፕሮግራሙ የብራውዘሩን ትራፊክ በራሱ በኩል ለማሳለፍ ፕሮክሲውን (ትራፊኩ የሚያልፍበትን አማካይ) 127.0.0.1፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ራሱን፣ አድርጎት ሊሆን ይችላል፤ አሁን ፕሮግራሙ ስለሌለ ትራፊኩ የሚደርሰው ባዶ ቤት ነው። ሴቲንግ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ፕሮክሲ ግቡና በእጅ የተሞላውን አጥፉት።

ለማረጋገጫ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ካለው ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን፣ ስካን ኦፕሽንስ ግቡና የማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን ስካንን ምረጡ። ኮምፒውተሩ ራሱ ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውስ ሳይነሳ ስለሚመረምር የተደበቀ ነገር ካለ ራሱን መከላከል አይችልም፤ 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ የተከፈተ ሥራችሁን አስቀድማችሁ ሴቭ አድርጉ። ከዚያ አፕ ኤንድ ብራውዘር ኮንትሮል ውስጥ የማይፈለጉ ፕሮግራሞችን የሚያግደውን አማራጭ አብሩት። ሁለተኛ አስተያየት ከፈለጋችሁ የማልዌርባይትስ አድውክሊነር ጥሩ ነው፣ መጫንም አያስፈልገውም፤ ከኩባንያው ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱት። የፕሮግራሙን ስም ጽፋችሁ «እንዴት ላስወግደው» ብላችሁ ጎግል ላይ ስትፈልጉ ከሚመጡት ገጾች ብዙዎቹ መጨረሻቸው ሌላ ማጽጃ መሸጥ ነው። ከጅብ አፍ ወጥቶ ነብር አፍ መግባት ማለት ይኸው።

ከፍላችሁ ከሆነ ፕሮግራሙን መንቀል ክፍያውን አያቆመውም። ብዙዎቹ በየዓመቱ በራሱ የሚታደስ ውል ናቸውና ለባንካችሁ ደውላችሁ ካርዱን አሳግዱ። በስልክ አግኝተዋችሁ እንደ ኤኒዴስክ ያለ ፕሮግራም አስጭነው በርቀት ገብተው ከነበረ ያንንም ንቀሉ። ፓስወርዶቻችሁን ግን ከሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ቀይሩ፤ ቅድሚያ ለኢሜይሉ፣ የሌሎቹ ሁሉ መክፈቻ እሱ ነውና።

መነሻው «ኮምፒውተሬ ዘገየ» ከነበረ ለዚያ የተጫነ ማጽጃ አያስፈልግም። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ስቶሬጅ፣ ቴምፖራሪ ፋይልስ ውስጥ ዊንዶውስ የራሱን ቆሻሻ ራሱ ይጠርጋል። እዚያም ቢሆን ሪሙቭ ከማለታችሁ በፊት ምልክት የተደረገባቸውን አንድ በአንድ እዩ፦ ዳውንሎድስ ፎልደር ዝርዝሩ ውስጥ ስላለ፣ ምልክት ተደርጎበት ከሆነ ያወረዳችሁትን ሁሉ ይዞት ይሄዳል።